በቀን 200 ሺህ እንቁላል

አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200 ሺህ እንቁላል ትጥላለች። ወደ ሰዓት ሲመነዘር ከ8 ሺህ በላይ፣ ወደ ደቂቃ 139 ገደማ፣ ወደ ሰከንድ ደግሞ ከሁለት በላይ ይሆናል። መምህሩ ክፍል ገብቶ የተማሪዎቹን ስም ጠርቶ እስኪጨርስ አሥር ደቂቃ ቢፈጅበት፣ በአንዱ ተማሪ አንጀት ውስጥ ያለች አንዲት ትል ብቻዋን 1,400 ያህል እንቁላል ጥላለች። ሌሊት አታርፍም፣ በዓል አታውቅም።

እንቁላሉ በዓይን አይታይም፤ ርዝመቱ 0.06 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ይሁንና የአንዲት ትል የአንድ ቀን እንቁላል ጫፍ ለጫፍ ቢደረደር 12 ሜትር ይሞላል። ትሏ ራሷ ከ20 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ የተማሪ ማስመሪያ ታክላለች ማለት ነው። በዓመት የምትጥለው 73 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ያ ሁሉ ቢደረደር ከ4 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ። ዕድሜዋ ደግሞ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ነው።

ከብዛቱ ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ የቅነሳው ስሌት ነው። ከ73 ሚሊዮኑ 99.9 በመቶው ቢጠፋ፣ ፀሐይ ቢያደርቀው፣ ጎርፍ ሰው ወደማይደርስበት ቢጠርገው፣ 73 ሺህ ይተርፋል። 99.9999 በመቶው ቢጠፋ እንኳ 73 ይቀራል። ዘሯ እንዳይቋረጥ ግን የሚያስፈልጓት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ትል በአንድ ልጅ አንጀት ውስጥ ተገናኝተው ቢያድጉ ይበቃታል። ይህች ትል መርዝም ፍጥነትም የላትም። ያላት ቁጥር ነው።

ስለ ተማሪዎችና ስለ አንጀት ትል ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ መድኃኒት ይሄዳል። መድኃኒቱ ያስፈልጋል፣ እመለስበታለሁ። ቁጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተከተለ ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው፤ ሰገራ ከአፈር፣ አፈር ከእጅ፣ እጅ ከአፍ በሚገናኝበት መንገድ ላይ።

የወስፋት እንቁላል ከሰገራ ጋር እንደወጣ ወዲያው ሰው አይዝም። እርጥበትና ጥላ ባለው ሞቅ ያለ አፈር ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት መቆየት አለበት። ከዚያ በኋላ አመቺ ቦታ ካገኘ ለዓመታት ሳይሞት ይጠብቃል። ልጁ ብይ ሲጫወት ቆይቶ በዚያው እጁ ቆሎ ሲቆረጥም፣ ያልታጠበ ካሮት ሲገምጥ፣ ጥፍሩን ሲነክስ ይውጠዋል። ትንሹ አንጀት ሲደርስ እንቁላሉ ይፈለፈላል። እጩ ግን እዚያው አይቀመጥም። የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ ደም ውስጥ ይገባል፣ በጉበት ያልፋል፣ ሳንባ ይደርሳል፣ እዚያ ከ10 እስከ 14 ቀን ያድጋል፣ በመተንፈሻ ቱቦ ሽቅብ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ልጁም ሳያውቀው መልሶ ይውጠዋል። እንዲህ ዞሮ ዞሮ ወደተነሳበት አንጀት ይመለሳል። እንቁላሉ ከተዋጠበት ቀን ጀምሮ አዲሷ ትል የራሷን እንቁላል መጣል እስክትጀምር ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንድ የትምህርት መንፈቀ ዓመት እንኳ አይሞላም።

እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በአገራችን ከ600 በላይ ወረዳዎች ከ150 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች ሰገራቸው ተመርምሮ ነበር። ወስፋት፣ መንጠቆ ትል ወይም ጅራፍ ትል የተገኘባቸው ከአምስት ልጅ አንድ ገደማ ናቸው፤ ከሦስቱ ቀዳሚው ወስፋት ነበር። ይህ የአገር አማካይ ነው፤ በእርጥቡ ደቡብ ምዕራብ ከፍ፣ በደረቁ የምሥራቅ ቆላ ደግሞ ዝቅ ይላል። አማካዩን ወደ አንድ ክፍል እናውርደው። 50 ተማሪዎች ቢኖሩ አሥሩ ትል አለባቸው። ከአሥሩ ስድስቱ ወስፋት አለባቸው እንበል፤ እያንዳንዳቸውም አምስት ሴት ትሎች ይኑሯቸው። ከአንድ ክፍል ብቻ በየቀኑ 6 ሚሊዮን እንቁላል ይወጣል። ትምህርት ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው አንባቢ ራሱ ያባዛ።

የላቦራቶሪ ባለሙያው እነዚህን የሚቆጥርበት ዘዴ ራሱ ብዛቱን ይናገራል። ከተማሪው ሰገራ የሚወስደው 41.7 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ቆጥሮ ያገኘውን በ24 ያባዛዋል፤ ውጤቱ በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ያለው እንቁላል ነው። ወስፋት ከባድ ነው የሚባለው ይህ ቁጥር 50 ሺህ ሲደርስ ወይም ሲያልፍ ነው። በአንድ ግራም 50 ሺህ! ሜዳ ላይ የተጸዳዳ አንድ ልጅ ስንት ግራም እንደሚጥል ሲታሰብ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ያለው ቁጥቋጦ ምን እንደተሸከመ ይገባናል።

አሁን ወደ ገበታው። ወስፋት የሚኖረው ልጁ የበላው ምግብ በሚያልፍበት ቦታ ስለሆነ ከዚያው ይመገባል። ሲበዛ ስብና ቫይታሚን ኤ በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገቡ ያደርጋል፣ የወተትን መፈጨት ያውካል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ የመጨረሻው ነው። በድህነት ቤት እናት ከራሷ አጉድላ ያቀረበችውን ልጁ አልበላም ይላል።

የመንጠቆ ትል ግን ምግብ አይጠብቅም፣ ደም ይጠጣል። ርዝመቱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እጩ በባዶ እግር ቆዳ ሰርጎ ይገባል፣ በሳንባ በኩል ዞሮ አንጀት ይደርሳል፣ የአንጀቱን ሽፋን ነክሶ ይንጠለጠላል። አንድ ትል በቀን የሚያስወጣው ደም እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ በትንሹ ዓይነት 0.03 ሚሊ ሊትር ነው። አንዲት ጠብታ እንኳ አይሞላም። በዚህች ቁጥር ማንም አይደነግጥም። ቢሆንም ክፉኛ የተያዘ ልጅ 100 ትል ቢኖረው የሚያጣው በቀን 3 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በዓመት ከ1 ሊትር ያልፋል። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በመላ ሰውነቱ ያለው ደም ግን 1.5 ሊትር ገደማ ነው። ልጁ በዓመት የራሱን ደም ሁለት ሦስተኛ ለትል እየከፈለ፣ እየተካ፣ እንደገና እየከፈለ ይማራል። ሌላኛው ትልቁ ዓይነት ደግሞ አምስት እጥፍና ከዚያ በላይ ያስወጣል።

ደም የሚተካው በብረት ነው። በ3 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 1.2 ሚሊ ግራም ያህል ብረት አለ። ከዚያ ከፊሉን አንጀት መልሶ ይመጠዋል፤ የቀረው ይጠፋል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከምግቡ ወደ ደሙ ማስገባት የሚጠበቅበት ብረት በቀን 1 ሚሊ ግራም አይሞላም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሰበሰበው እና የሚፈስሰው ሲተያዩ ምንም አይተርፈውም። «ጤፍ እኮ ብረት አለው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አለው፤ ከፊሉ ከአውድማው አፈር የተቀላቀለ ነው፣ ቡኮው ሲቦካም ብረቱ ለሰውነት ይቀልላል። ቢሆንም ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኝ ብረት ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ፣ ብዙውን ጊዜ ከአሥር አንድ እጅ በታች ነው። ሥጋ በየበዓሉ ብቻ በሚታይበት ቤት ሒሳቡ ሁልጊዜ ይጎድላል። መምህሩ ፊት የሚቀመጠው ልጅ የገረጣ፣ ቶሎ የሚደክም፣ የሚያንቀላፋ ይሆናል፤ ስንቱ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ተገርፏል!

በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 58 ነበሩ፣ በ2019 ወደ 37 ወርደዋል። መቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በትል ላይ መጫን ስሕተት ነው። ግን ከመቶ 37 የሚሆኑት አንደኛ ክፍል ሲገቡ ቁመታቸው አስቀድሞ ጎድሎ ነው፣ ትሉም የሚያገኛቸው በዚያ ላይ ነው። አዲስ አበባ ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎቿን በየቀኑ ትመግባለች። ይህን ሥራ ከልቤ እደግፋለሁ። ወስፋቱ እየጮኸ ሰሌዳ የሚያይ ልጅ መብላት አለበት። ግን ምግቡ ሥራውን ሠራ የሚባለው የተመገበው ልጁ እንጂ ትሉ ካልሆነ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር አደናጋሪ ነው፤ አማካይ። ትል በልጆች መካከል እኩል አይከፋፈልም። አብዛኞቹ ጥቂት ይይዛሉ፣ ጥቂቶቹ አብዛኛውን ይሸከማሉ። ለሁሉም ተማሪ መድኃኒት ተሰጥቶ ክብደታቸው ሲመዘን አማካይ ጭማሪው ትንሽ ሆኖ የሚገኘው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው፤ ተመራማሪዎችም በዚህ ለዓመታት ተከራክረዋል። እኔ ግን አሥር ትል ያለበትንና መቶ ትል ያለበትን ደምሮ ማካፈል ለመቶው ልጅ ፍርድ አይመስለኝም። በኬንያ ቡሲያ በ75 ትምህርት ቤቶች በ30 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ላይ የተደረገው ጥናት ከክብደት ይልቅ ወንበር ቆጠረ። ትል በተራገፈባቸው ትምህርት ቤቶች መቅረት በሩብ ያህል ቀነሰ፤ መድኃኒት ያልዋጡ የአካባቢው ልጆችም ተጠቀሙ፣ ምክንያቱም አፈር ላይ የሚወድቀው እንቁላል አንሶ ነበር። እነዚያ ልጆች ከ20 ዓመት በኋላ ሲፈለጉ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት ተጨማሪ መድኃኒት ያገኙት የሰዓት ገቢያቸው በ13 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከጥናቱ ባለቤቶች አንዱ ማይክል ክሬመር እ.ኤ.አ. በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ናቸው።

መድኃኒቱ አንድ እንክብል ነው፤ 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል ወይም 500 ሚሊ ግራም ሜቤንዳዞል። ልጁ ያኝከዋል፣ አበቃ። ፋብሪካዎቹ ለትምህርት ቤት ዘመቻ በነፃ ይሰጡታል፤ አንድን ልጅ በዓመት ለማድረስ የሚወጣው ከግማሽ የአሜሪካ ዶላር በታች ነው። ሰገራ መመርመር ከመድኃኒቱ ብዙ እጥፍ ስለሚያስወጣ፣ በአካባቢው ከመቶ 20 ልጆች ከተያዙ ሳይመረመር ለሁሉም በዓመት አንዴ፣ 50 ከደረሱ ሁለቴ እንዲሰጥ ዓለም አቀፉ መመሪያ ያዝዛል። በኢትዮጵያ ለሕፃናት ከቫይታሚን ኤ ጋር መስጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ለተማሪዎች በአገር ደረጃ ዘመቻው በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ፣ ግቡም ከመቶ ቢያንስ 80 ልጆችን መድረስ ነበር። ሰጪዎቹ በብዛት መምህራን ናቸው። ቢልሃርዝያ የሚባለው ሌላ የትል በሽታ ባለበት አካባቢ ልጁ በእንጨት መለኪያ አጠገብ ይቆማል፤ የሚሰጠው የፕራዚኳንትል እንክብል ብዛት የሚወሰነው በቁመቱ ነው። ሚዛን አያስፈልግም፣ ኤሌክትሪክ አያስፈልግም። ሥራው እንዲህ ቀሎ በመታሰቡ ደስ ይለኛል።

ከዚያስ? መድኃኒት ከመዋጡ በፊት 100 ልጆች ወስፋት ከነበረባቸው፣ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው እንዳሳዩት፣ በሦስተኛው ወር 26፣ በስድስተኛው ወር 68፣ በዓመቱ 94 ይሆናሉ። በዓመቱ 94። መድኃኒቱ አልደከመም፤ ወስፋትን እየገደለ ነው። ግን ግቢው ያው ግቢ፣ አፈሩ ያው አፈር፣ እጁ ያልታጠበው ያው እጅ ነው። አያቶቻችን ይህን በኮሶ ያውቁት ነበር። ጥሬ ሥጋው ስላልቀረ ኮሶውም በየሁለት ወሩ ይጠጣ ነበር፤ ትሉ ወጥቶ መንገዱ ግን ክፍት ነበርና።

መንገድ መዝጋት የሚለውን ሐሳብ ከማንም በፊት በአገራችን በጥሩ ሁኔታ ያሳዩን ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዝያ ነገር በቀንድ አውጣ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሴቷ ትል በቀን የምትጥለው 300 ያህል ብቻ ነው፤ ከወስፋት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ግን አንዱ እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ሲገባ በሺዎች ሆኖ ይወጣል። ቁጥሩ የሚባዛው በልጁ አንጀት ውስጥ ሳይሆን በጣና ወይም በዝዋይ ዳርቻ በቀንድ አውጣው ሆድ ውስጥ ነው። አክሊሉ እንግዲህ ያገኙት ማባዣውን የሚገድለውን ነው፤ እንዶድን። እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ለዚህ ሥራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ።

መንገዱን ዘግቶ የጨረሰ አገር ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት ደቡብ ኮሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ጆንጁ በሚባል ከተማ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አንጀቷ ተዘግቶ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሞቹ ከሆዷ 1,063 ወስፋት አወጡ። ልጅቷ አልተረፈችም። አገሩ ደነገጠ። በዓመቱ ትልን የሚያጠፋ ማኅበር ተቋቋመ፣ በ1966 ሕግ ወጣ፣ ከ1969 ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ ሰገራውን በፖስታ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት እንዲመጣ ተደረገ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እስከ 1995 ድረስ። የተገኘበት ይታከማል። በ1971 ከመቶ ኮሪያዊ 55 ያህሉ ወስፋት ነበረባቸው። በ1981 ወደ 13 ወረዱ። በ1992 ከሺህ 3፣ በ1997 ከ10 ሺህ 6 ቀሩ። ሰገራ ለእርሻ ማዳበሪያ መሆኑ እየቀረ የፋብሪካ ማዳበሪያ ተካው፣ መጸዳጃ ቤትና የቧንቧ ውሃ ተስፋፋ፣ ኑሮም ተሻሻለ። ምርመራውና መድኃኒቱ ትሉን ሲያራግፉ፣ ሌላው አፈሩን አጸዳ። አንዱ ያለ ሌላው ይህን ቁልቁለት ይወርድ ነበር ብዬ አላምንም።

እኛም ስለ አፈሩ ያደረግነው ቀላል አይደለም፤ ብዙ አልተወራለትም እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከመቶ ኢትዮጵያዊ 92 ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር። በ2015 ከመቶ 29 ሆኑ። ሕዝቡ በዚያ ጊዜ ውስጥ በእጥፍ አድጎ ሳለ ሜዳ የሚጸዳዳው ከ44 ሚሊዮን ወደ 28 ሚሊዮን ቀነሰ፤ በዚያ ዘመን ከዓለም ከታዩት ትልልቅ ለውጦች አንዱ ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ ጉድጓድ ያስቆፈሩት ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው የሠለጠኑ የገጠር ሴቶች ናቸው። ለነዚህ ሴቶች ያለኝን ክብር የምገልጽበት ቁጥር የለኝም።

28 ሚሊዮን ግን ብዙ ነው። የተቆፈረው ጉድጓድ ክዳን ከሌለው፣ ከጎኑ ውሃና ሳሙና ከሌለ፣ ትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ኖሮት የቧንቧው አፍ ከደረቀ፣ ልጁ በእረፍት ሰዓት ወጥቶ በዚያው እጁ ምሳውን ይበላል። የትል መድኃኒት ለመስጠት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ሁሉ በዚያው ቀን ቧንቧውን ከፍቶ ቢያይ፣ ውሃ አለ የለም ብሎ ከልጆቹ ዝርዝር ጎን ቢጽፍ ደስ ይለኛል። እንክብሉ ደርሶ ውሃው ያልደረሰበትን ትምህርት ቤት ቁጥር ሁላችንም ልናውቀው ይገባል፤ 94 የሚመለሰው እዚያ ነውና።

ኮሪያ ተማሪዎቿን በዓመት ሁለት ጊዜ የመረመረችው ለ26 ዓመት ነው። እኛ ከ2008 ዓ.ም. ጀምረን ያን ያህል ብንቆይ 2034 ዓ.ም. ላይ እንደርሳለን። በ2008 በሰባት ዓመቱ መምህሩ ፊት ቆሞ የመጀመሪያዋን እንክብል ያኘከ ልጅ ያኔ 33 ዓመቱ ይሆናል፤ ልጆች ወልዶ ከሆነ እነሱም ያን ጊዜ ተማሪዎች ናቸው።